ትከሻው የዘመመ ኮት

መስከረም 12 ቀን

በመልክ ሳይሆን በደብዳቤ ለማውቅሽ ልጄ፣

ከሥራሽ ውለሽ ስትገቢ ጤናና ሰላም ከደጅሽ ይቀበልሽ። እኔ ጉልበቴን ከሚጠዘጥዘኝ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባትሽስ? ያ ሳሉ ተሻለው ወይ?

ዛሬ የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ለአባቴ መታሰቢያ እንዲቆም ወስነዋል። ከልብስ ስፌት ቤታችን በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ምስሉ ተቀርጾ፣ ከሥሩ በጦርነቱ ጊዜ ለሰው የዋለው ውለታ ይጻፋል። ቀራጩ ፎቶውን አይቶ ቀኝ ትከሻው ለምን ወደ ታች እንደዘመመ ጠየቀኝ። ቁስለኛ በትከሻው እየተሸከመ ሲያሸሽ ነው የተጎዳው አልኩት። «እንግዲያው እንዳለ እቀርጸዋለሁ» አለ። ትከሻውን ሲያወጣው ቆሜ አለቀስኩ። ያንን ሁልጊዜ የሚለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ኮትም በመስታወት ሳጥን አድርገን ሱቁ ውስጥ ሰቅለነዋል። ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ።

አሁን ወደ አባትሽ ጉዳይ ልምጣ። «አገሬ ገብቼ ከእናቴ ጎን ልቀበር» ብሎ የላከውን ቃል ለሽማግሌዎቹ አድርሻለሁ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ያንቺ አያት የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን ከስፌት ቤታችን ቆጥ ላይ ተደብቆ ሳለ አያትሽ ለወታደሮቹ ጠቁሞ አስይዞት፣ እዚያው በዚያው እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ። ሰዓት ሠሪው እንደወጣ ቀረ። ልጁ ዛሬም ከፊት ለፊታችን ባለችው የአባቷ ሱቅ ቁጭ ብላ ሰዓት ትጠግናለች። እሷ እያየች የጠቋሚ ልጅ ሰተት ብሎ ይግባ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ስለ እኔ ብለው በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ድንጋዩ በሚመረቅበት ቀን አባትሽ ሕዝብ ፊት ቆሞ «አባቴ ስለ ሠራው ክፋት ይቅር በሉኝ» ይበል። ከዚያ ወዲያ ማንም ክፉ አይናገረውም፤ ቀኑ ሲደርስም ከእናቱ ጎን ያርፋል። ትንሽ ነገር ናት። አግባቢልኝና ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ጥቅምት 5 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጉልበትዎን ይማርልኝ። አባቴ ሳሉ እንዳለ ነው፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሕመም ጨመሩለት።

ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ምነው ባላነበብኩት። «ትንሽ ነገር ናት» ያሏት ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሾርባውን አስቀምጬለት ሥራ ሄድኩ፣ ስመለስ እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘሁት። እናቱ ስትሞት ሬሳዋን የሚያነሳ ጎረቤት ጠፍቶ፣ እሱ ጢም እንኳ ሳያበቅል ከአንድ ጋሪ ገፊ ጋር ወስዶ እንደቀበራት እርስዎ ይጠፋዎታል? ማነው ማንን ይቅርታ የሚጠይቀው? ቃሌ ከሻከረብዎ ይህ አንገብግቦኝ ነው።

ስለ ኮቱ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ እዚህ የምሠራው ልብስ ማስተካከያ ቤት ነው። ሌላው ሰው ፎቶ ሲያይ ፊት ያያል፣ እኔ ስፌት አያለሁ፤ ምን ይደረግ፣ የዘር ነው። በላኩልኝ ፎቶ ላይ የኮቱ የደረት ኪስ በቀኝ በኩል ነው። የወንድ ኮት የደረት ኪሱ በግራ እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። የድሮው የቁልፍ ቀዳዳም በክር ተደፍኗል፣ ጠጋ ብሎ ላየው ይታያል። ይህ ኮት ስፌቱ ተፈትቶ፣ የውስጡ ፊት ወደ ውጪ ተገልብጦ እንደገና የተሰፋ ነው። ኮት ሲገለበጥ ደግሞ ግራው ቀኝ ይሆናል። ታዲያ ከመገልበጡ በፊት የማን ነበር? አባቴን ስጠይቀው «እኔን አትጠይቂ፣ አክስትሽን ጠይቂ» ብቻ አለኝ።

አክባሪ ልጅዎ


ኅዳር 29 ቀን

ጤና ይስጥሽ።

መልሴ የዘገየው ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ እየፈላ ብዕር መያዝ አቅቶኝ ነው። አበስኩ ገበርኩ! እኔ ለእናንተ ብዬ የስንቱን ደጅ ጠንቼ፣ የስንቱን ሽማግሌ ጉልበት ይዤ ለምኜ፣ አንቺ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ የሙት ሰው ኪስ ትፈትሺያለሽ? በግራ ነው፣ በቀኝ ነው እያልሽ? በጦርነቱ ጊዜ ኮት ያላስገለበጠ ማን አለ? ጨርቅ ከየት ይምጣ? አባቴ የገዛ ራሱን አሮጌ ኮት ገልብጦ ለበሰ። ለዚህ ደግሞ ይሰቀል?

እኔ ያን ኮት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ለእናቴ እንኳ አያስነካትም ነበር። የሚቦርሸውም፣ ካውያ የሚያሳርፍበትም ራሱ ነው። የስንት ደንበኛ ልብስ እኛ ስንተኩስ ያችን ኮት ግን «ተዉልኝ» ይላል። እንዲያ አክብሮ የያዘውን ልብስ ነው አንቺ የምትጎረጉሪው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም? አሳዳጊሽ ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ።

ምረቃው በየካቲት አጋማሽ ነው። አባትሽ ይቅርታውን ይበል፣ አልል ካለም እዚያው በጸበሉ ይቅር። እኔ ከእንግዲህ የማንንም ጉልበት አልይዝም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 10 ቀን

ለአክስቴ፣

አሳዳጊዬ ከትራሱ ቀና ብሎ ተቀምጦ «ጻፊ» ስላለኝ ነው የምጽፈው። ከዚህ በታች ያለው እሱ የነገረኝ ነው፤ ቁጣው ግን የሁለታችንም ነው።

ሰዓት ሠሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጎኑ ተደፍቶ ስለሚውል ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር። ያኔ ከአባትዎ ጋር በአንድ ስፌት ቤት ይሠራ የነበረው አያቴ ኮት ሲሰፋለት እንዳይጨማደድበት ብሎ ጨርቁን ራሱን በግራ ትከሻ በኩል ዝቅ አድርጎ ቆረጠው። ያ ኮት ቢገለበጥ ዝቅ ያለው ትከሻ በየት በኩል ይመጣል? የአባትዎ የዘመመ ትከሻስ የትኛው ነበር አሉኝ? አባቴ አጎቱን ከጦርነቱ በኋላም በሸሚዝ ሆኖ ጨርቅ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ አይቶታል። ትከሻው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነበር ይላል። የሚዘመው ኮቱን ሲለብስ ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪው ከቆጡ የወረደው ያንን ኮት እንደለበሰ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት አይቷል። በዚያ ዘመን ወታደሮቹ ለጠቋሚ ምን እንደሚሰጡ ደግሞ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። የተያዘውን ሰው ልብስ ነው የሚሰጡት።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርዎ። በዚያ ቀን አባቴ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀመ ነበር። አጎቱ እያለከለከ ገብቶ «ወንድሜ፣ የሚፈልጉት አንተን ነው፣ አሁኑኑ በጓሮ በር ሩጥ» ሲል በጆሮው ሰምቷል። አያቴም መቀሱን እንኳ ሳያስቀምጥ በጓሮ ወጣ፣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ይኸው «ሩጥ» ያለው ሰው አደባባይ ወጥቶ «ወንድሜ ሮጠ፣ የሮጠው ጥፋት ቢኖርበት ነው» ብሎ መሰከረበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው! ለምን ያኔ አልተናገርክም አልኩት። «ተናግሬ ነበር፤ የጠቋሚ ልጅ፣ ውሸታም ተብዬ በጥፊ ተመታሁ» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ። አያቴ ለሚቀርባቸው ሰዎች ኮት ሲሰፋ ከኮሌታው ውስጥ በሚገባው ማጠንከሪያ ሸራ ላይ የየሰዉን ሙያ ምልክት በቀይ ክር ያደርግ ነበር። ለሰዓት ሠሪው ትንሽ ክብ፣ በውስጧም ሁለት የሰዓት ቆጣሪዎች አድርጎለታል። ኮት የሚገለብጥ ሰው ደግሞ ሸራውን አይጥለውም፣ ያንኑ መልሶ ይከተዋል። ኮሌታውን ይፍቱት። ክቧ ከሌለች እኔም ከአባቴ ጎን ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ካሻዎ መሬት እስማለሁ።

ልጅዎ


ጥር 22 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? አባትሽ ሞቅ ያለ ነገር ይልበስ፤ ደረቱን እንዳይመታው።

ስለዚያ ስለ ይቅርታው ነገር አስቤበት ነበር፣ ቢቀር ይሻላል። አሮጌ ሰው ሕዝብ ፊት ማቆም ደግም አይደለ። አባትሽ ከምረቃው በኋላ፣ ሰው ሲበተን ይምጣ። በጓሮ በኩል ቢገባ ማንም አያየውም፤ የኋለኛውን ክፍል አጽድቼ አዘጋጅለታለሁ። ቀስ እያለ ሰው ይለምደዋል። ሁላችንም አርጅተናል፣ ሙት ወቃሽ አያድርገን።

ኮቱን ብል እንዳይበላው ብለን ከሳጥኑ አውርደነዋል። ስለ እሱ ከእንግዲህ ባትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ሰላም ብሎሻል።

አክስትሽ


የካቲት 1 ቀን

ለአክስቴ፣

ወንድምዎ ስንት ዘመን ሙሉ ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ሰው ዛሬ ምን ተገኘና?

ይቅርታው ምን ነካው? መስከረም ላይ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ኅዳር ላይ «እዚያው ይቅር» ተባልን። አሁን ኮሌታውን ይፍቱ ባልኩ ማግስት ይቅርታው ቀረ፣ ኮቱም ከሳጥኑ ወረደ። በመስታወት ውስጥ ያለን ኮት ምን ብል ይበላዋል? እኔን ሞኝ አደረጉኝ፤ ይሁን። አባቴን ግን በጓሮ ግባ አሉት! አባቱ የወጣበትን በር ይጠቁሙታል? ይህን ሲሰማ ሳሉን ትቶ ከአልጋው ወረደ። «ንገሪያት፤ በጓሮ ከምገባ እዚሁ ባዕድ አፈር ይብላኝ» ብሏል። ቃሉ ይኸው ነው።

ኮሌታው ውስጥ ምን አዩ? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።


የካቲት 27 ቀን

ልጄ ሆይ፣

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከኮሌታው ልጀምርልሽ። ያችን የታኅሣሥ ደብዳቤሽን ሳነብ ምላጭ ያነሳሁት እናንተን ላሳፍር ነበር። «ይኸው፣ ምንም የለም» ብዬ ሸራውን ቆርጬ ልልክልሽ። ስፌቱን ፈታሁ። ክቧ አለች። ቀዩ ክር ሳይደበዝዝ፣ ሁለቱ ቆጣሪዎች እንደቆሙ። ወንድሜ ገብቶ አየኝ። አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መልሰሽ ስፊው፤ ድንጋዩ አልቋል፣ ሰው ተጠርቷል።» የልብ ድርቅናውን አየሽ? እኔም ሰማሁት፣ የጥር ወሩንም ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።

ያንቺ መልስ ሲደርሰኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ ኮቱን ለምን እንዳላስነካን በአንድ ጊዜ ገባኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ቀን ብትተኩሰው የሰዓት ሠሪው ትከሻ መሆኑን ታውቀው ነበር! እኔ ነኝ እንግዲህ «አክብሮት ነው» ብዬ የጻፍኩልሽ። ወይ ነዶ! በሸሚዝ ሲሆን ትከሻው ቀጥ ማለቱን እኔም አይቻለሁ፤ ተሽሎት ነው እያልኩ አለፍኩት። ዕድሜ ልኬን ስለ እሱ ስፎክር፣ ለእንግዳው ሁሉ ትከሻውን ስተርክ ኖርኩ። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ እየሰማ አንድ ቀን እንኳ «ተይ» አላለኝም።

ጠዋት ኮቱን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። የሰዓት ሠሪው ልጅ ያችን ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ ተደፍታ ነበር። «ደግሞ ሰዓትሽ ቆመ?» አለችኝ። ኮቱን ዘርግቼ ኮሌታውን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አወለቀች። አላለቀሰችም። እጇን በገበሩ ውስጥ ሰዳ ትከሻውን ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህንን ለብሶ ነው አባትሽ ሊያስተዛዝነኝ ይመጣ የነበረው?»

«አዎ» አልኳት።

«ደግፎኝ አልቅሻለሁ እኮ። ‹አይዞሽ ልጄ› እያለኝ ትከሻው ላይ ተደግፌ አልቅሻለሁ። በአባቴ ትከሻ ላይ!» ጠረጴዛውን በጡጫዋ ስትመታው የተፈቱት ሰዓቶች ሁሉ ዘለሉ። «እና ያችን ምስኪን፣ የታላቅየውን ሚስት፣ አንድ ማሰሮ ውሃ ልትለምነኝ ብትመጣ በር ዘጋሁባት። ጠቋሚውን በየጠዋቱ ሰላም እያልኩ ለእሷ በር ዘጋሁባት!»

በምረቃው ቀን ሰው ግጥም ብሏል። ድንጋዩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ወንድሜ ንግግሩን ጀምሮ «የተጎዳ ትከሻው ለእኛ» ሲል አላስቻለኝም። ኮሌታው የተፈታውን ኮት አንስቼ ቆምኩ። «ድንጋዩ ላይ ያለው ትከሻ የአባቴ አይደለም፤ የሰዓት ሠሪው ነው። ኮቱም የእሱ ነው። እንዴት አባቴ እጅ እንደገባ እናንተ ታላላቆቹ ታውቃላችሁ» አልኩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነስተው «ሙት አይወቀስም!» ብለው ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩ። «ሙት የማይወቀስ ከሆነ ታላቅየውን ይህን ሁሉ ዘመን ስትወቅሱ የኖራችሁት ምን ሆኖ ነው? እሱ አልሞተም?» አልኳቸው። ተቀመጡ። የሰዓት ሠሪው ልጅ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ሰዉ አንድ በአንድ ወንበሩን እያጠፈ ሄደ። ጨርቁን የገለጠው የለም፣ ድንጋዩ እስካሁን እንደተከናነበ ቆሟል። ወንድሜ አኩርፎኛል፤ የት አባቱ።

ይቅርታ በሉ ስላችሁ የነበርኩት እኔ አሁን ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። አባትሽ ይምጣ ብቻ። የእናቱን መቃብር ሣሩን አጭጄ ዙሪያውን አጽድቻለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰዓት ሠሪዋ የኮቱን ስፌት ሁሉ ፈትታ ቁርጥራጩን እሷው ዘንድ አስቀምጣዋለች። ልሰፋልሽ ብላት «የአንቺ ቤት መርፌ አይነካውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ «የታላቅየው ልጅ መስፋት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

አክስትሽ


መጋቢት 16 ቀን

ለመርፌ ለቃሚዋ እህቴ፣

ይህን ስም ካልረሳሽው፣ በማግኔት ወለሉን እያሰስሽ የወደቀ መርፌ ትለቅሚልን ነበር። ጽሕፈቴ የተንቀጠቀጠው ከእርጅናዬ ነው፤ ልጄ ልጻፍልህ ብትለኝ ይህን በራሴ እጅ ነው ብያታለሁ።

ደብዳቤሽን ሰማሁ። ደስ ይለው ይሆናል ብለሽ ከጠበቅሽ አላለኝም። ተቆጥቻለሁ። እናቴ በር እየተዘጋባት ሞተች። አባቴ የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም። ያ ሰው ግን እርጅናውን ጠግቦ፣ ተከብሮ፣ በሰው ኮት ሞቆት ኖረ። እንዲበርድልኝም አልፈልግም፤ ቁጣዬን ለዚህ ሁሉ ዘመን በሆዴ ይዤው ስኖር የኔ ብቻ ነበር፣ አሁን ለሁላችሁም ይዳረስ። አንቺ አደባባይ ስለቆምሽ ግን ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እኔ ስናገር በጥፊ ተመትቼ ዝም አልኩ፣ አንቺ ዝም አላልሽም።

ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣም። ይቅርታም ልቀበል አልመጣም፤ እሱ ገና ነው። ለሰዓት ሠሪዋ ንገሪያት፣ መስፋት አውቃለሁ፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ። ቁርጥራጩን አንዱንም እንዳትጥል። ጨርቁን በፊት ገጹ መልሼ፣ ኪሱን ወደ ግራው፣ ዝቅ ያለውንም ትከሻ ወደ ግራው፣ አባቴ እንደቆረጠው አድርጌ እሰፋዋለሁ። መርፌዬንና መቀሴን ይዤ እመጣለሁ። ከእናንተ ቤት የምፈልገው የመቁረጫውን ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ እሱ የአባቴ ነው።

ልጄ አብራኝ ትመጣለች። ሻንጣውን እሷ ትይዛለች። የኋለኛውን ክፍል አታዘጋጂልኝ፣ የጓሮውንም በር ቆልፊው። የምገባው በቀን፣ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሰው ሁሉ እያየ፣ በፊት ለፊቱ በር ነው።

ወንድምሽ